ፀጉር ከግንባር ሲሸሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ስለ ወንዶች ፀጉር መሳሳት የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። የሚመሳሰሉትን አጣምረናል፣ የጠያቂዎችንም ስም አላወጣንም። ከዚህ በታች ያለው የመድኃኒት መጠን ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ወንድ ነው። የልብ፣ የጉበት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይመክር አይጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባቴ ሙሉ ፀጉር አለው፣ እኔን ምን ነካኝ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግንባሬ ግራና ቀኙ እየገባ፣ አናቴም እየሳሳ መጣ። ፀጉር አስተካካዬ «በራ ልትሆን ነው» እያለ ይቀልድብኛል። አባቴ በ60 ዓመቱ ፀጉሩ ሙሉ ነው። ራሰ በራው የእናቴ ወንድም ነው። ይህ የዘር ነው ወይስ ሌላ በሽታ አለብኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፀጉሩ የሸሸበት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከግንባር ጥግና ጥግ ወደ ኋላ እየገባ አናት ላይ የሚሳሳ፣ ከጆሮ በላይና ማጅራት ላይ ያለውን ግን የማይነካ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣው የወንዶች ራሰ በራነት ነው። ሐኪሞች የሚለኩት ሃሚልተን በ1951 አውጥቶት ኖርውድ በ1975 ባሻሻለው ባለ 7 ደረጃ መለኪያ ሲሆን፣ የእርስዎ ገለጻ 3ኛው ደረጃ አካባቢ ይመስላል። ብዙ የሚተርፍ ነገር ያለበት ደረጃ ነው።

የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስትሮን፣ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ዲኤችቲ ወደሚባል ሌላ ሆርሞን ይለወጣል። ጤነኛ የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ 3 ወር ገደማ ያርፋል፣ ከዚያ ይረግፍና በቦታው ሌላ ይበቅላል። ለዲኤችቲ ስሱ የሆነ የፀጉር ሥር ግን የማደጊያ ጊዜው በየዙሩ እያጠረ፣ የሚያበቅለውም ፀጉር በየዙሩ እየቀጠነ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀረው በዓይን የማይለይ ስስ ፀጉር ነው። መድኃኒት በጊዜ ሲጀመር የሚሠራው፣ ዓመታት ቆይቶ ሲጀመር የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የከሳ ሥር ሊመለስ ይችላል፣ የጠፋ ግን አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

«ወንድነቱ የበዛ ሰው ይመለጣል» የሚባለው ልክ አይደለም። ሃሚልተን በ1942 ያወጣው ጥናት ነገሩን በደንብ ያሳያል። ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ አልሆኑም። ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ደግሞ ፀጉራቸው የሸሸው በቤተሰባቸው ራሰ በራ ያለባቸው ብቻ ናቸው። ሆርሞኑ የግድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚለየን የሥሩ ስሱነት ነው።

የአጎትዎ ነገርም ትርጉም አለው። ዲኤችቲን የሚቀበለው የሴል ክፍል ዘረ መል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ኤክሱን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ሌሎች ብዙ ዘረ መሎችም ከአባትም ከእናትም ስለሚገቡበት ግን የአባት ሙሉ ፀጉር ዋስትና አይሆንም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያረጋግጡ። ፀጉርዎ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን፣ ማለትም ለአንድ ወር ገደማ፣ ቶንዶስ አያስነኩት። ከዚያ ከግንባርዎ ጥግ ጥቂት ፀጉር በሁለት ጣት ይዘው ከጆሮዎ ጀርባ ካለው ጋር ያነጻጽሩ። የፊተኛው በግልጽ ከቀጠነ፣ ወፍራምና ቀጭን ፀጉር ከተቀላቀለበት፣ ሥሩ እየከሳ ነው። ቀጥሎ ከተለያየ ቦታ ወደ 50 ፀጉር አንድ ላይ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ። ከአምስት ስድስት በላይ ተነቅሎ ከወጣ ጉዳዩ የዘር መሳሳት ብቻ ላይሆን ይችላል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ግን የማንም ሰው ነው።

ከመላው ራስ ላይ በእፍኝ እየረገፈ ከሆነ ከሁለት ሦስት ወር በፊት የሆነውን ያስታውሱ። ታይፎይድ፣ ወባ፣ ኮቪድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ኪሎ በፍጥነት መቀነስ ከነበረ መርገፉ የእነሱ ውጤት ነው። ሌላ ምክንያት ካልተጨመረበት በስድስት ወር ገደማ ይረጋጋል። ካልቆመ የደም ማነስ፣ የብረት ክምችት (ፌሪቲን) እና የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝልዎ።

ውሃው ነው ፀጉሬን የጨረሰው

ጥያቄ፦ ሪያድ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሀገሬ ሳለሁ ፀጉሬ ደህና ነበር። እዚህ ያለን ሐበሾች ሁሉ የምንለው የባሕር ውሃ ተጣርቶ ስለሚመጣ ነው። ማጣሪያ ልግዛ? (ከሪያድ)

መልስ፦ ለመጠጥ ካልሆነ አይግዙ። ማዕድን የበዛበት ወይም ክሎሪን የገባበት ውሃ ፀጉሩን ሊያደርቀውና ሊያሰባብረው ይችላል። ከቆዳው በታች ያለውን ሥር ግን አይነካም። ውሃ ቢሆን ኖሮ የማጅራትዎም ፀጉር እኩል ይሳሳ ነበር። ወደ ገልፍ የሚሄደው አብዛኛው ወንድ ዕድሜው ከ20 እስከ 35 ነው፣ የዘር መሳሳትም የሚገለጠው በዚያው ዕድሜ ስለሆነ ውሃው በከንቱ ይወቀሳል። ይልቅ ምግብ እየዘለሉ፣ እንቅልፍ እያጡ ኪሎ ቀንሰው ከሆነ ያ በራሱ ያረግፋል፣ ሲስተካከልም ይመለሳል።

ሚኖክሲዲል ጀምሬ ይብሱን ረገፈ

ጥያቄ፦ ሚኖክሲዲል 5% ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴ ነው። ፀጉሬ ከበፊቱ ብሶ ይረግፋል፣ ራሴንም ያሳክከኛል። ላቁመው? ጓደኛዬ ደግሞ «በቀን ሦስቴ ከቀባኸው ይፈጥናል» ይለኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመርገፉ ብቻ ከሆነ አያቁሙት። መድኃኒቱ የሚያርፉትን ሥሮች ቀስቅሶ ወደ ማደግ ስለሚያስገባቸው አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይታያል። የሚረግፈውም በሚቀጥሉት ወራት መርገፉ የማይቀር ፀጉር ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው እዚህ ነጥብ ላይ መሆኑ ያሳዝናል፤ ጉዳቱን ችሎ ጥቅሙን ሳያይ ይቀራልና። ከሦስት ወር በኋላም ካልቀነሰ ግን ሐኪም ይየው።

ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ኪኒን ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ገላቸው ላይ ፀጉር ሲበቅል ስለታየ ወደ ቅባት ተለውጦ በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለፀጉር ተፈቀደ። ይህን ማወቅ የጓደኛዎን ምክር ለመመዘን ይረዳል። በብዛት ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው ይጨምራል፤ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ ማዞርና የቁርጭምጭሚት ማበጥ ያመጣል። ፀጉሩ ግን በዚህ አይፈጥንም። መጠኑ ጠዋት 1 ሚሊ ሊትር፣ ማታ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 60 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ልክ 30 ቀን ማድረስ አለበት። ሁለት ወር ካቆየዎት እያሳነሱ ነው፣ በሁለት ሳምንት ካለቀ እያበዙ ነው። አንድ ጊዜ ቢያመልጥዎ በሚቀጥለው እጥፍ አያድርጉት።

አቀባቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መድኃኒቱ ለቆዳ ነው እንጂ ለፀጉር አይደለም። የእኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ፈሳሹን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ወይ አጭር ይቆረጡ፣ ወይ በማበጠሪያ ጫፍ መስመር እየከፈሉ ጠብታውን በየመስመሩ ቆዳው ላይ ያንጠባጥቡ። ከዚያ በጣት ጫፍ ያዳርሱና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቆዳው ደረቅ መሆን አለበት። ቅቤ ወይም ቫዝሊን በተቀባ ራስ ላይ በደንብ አይገባም። ለአራት ሰዓት ያህል ራስዎን አይታጠቡ። የማታውን ከመተኛትዎ ከሁለት ሰዓት በፊት ይቀቡ፣ አለበለዚያ ትራስ ላይ ተላልፎ ጉንጭዎና ግንባርዎ ላይ ፀጉር ያበቅላል።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ የተቀባ ራስዎን እንዳይነካ፣ እንዳይልስም ይጠንቀቁ። ከአባታቸው ራስ በተላለፈ ሚኖክሲዲል ገላቸው ፀጉር ያወጣ ሕፃናት አውሮፓ ውስጥ ተመዝግበዋል። ድመት ካለዎት ጉዳዩ ከዚያም ይከፋል፣ ለድመት ጥቂቱ እንኳ ይገድላል። ፈሳሹ አልኮል ስላለበት ከእሳትና ከሲጋራ ያርቁት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት።

ማሳከኩን በተመለከተ፣ በአብዛኛው ጥፋተኛው መድኃኒቱ ሳይሆን ማሟሟያው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። በአረፋ መልክ የሚሸጠው ሚኖክሲዲል ይህ ስለሌለበት ወደዚያ መቀየር ይበቃል። ፎረፎርም ካለ በኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአምስት ደቂቃ አቆይተው እየታጠቡ አራት ሳምንት ይሞክሩ። ቆዳው ቀልቶ ውሃ ከቋጠረ ግን አለርጂ ነውና ያቁሙት።

ውጤቱ ቢፈጥን በአራት ወር ይታያል። ይሠራል አይሠራም ብሎ መፍረድ የሚቻለው በ12 ወር ነው። ከግንባር ይልቅ አናት ላይ፣ ከቆየ መላጣ ይልቅ በቅርብ በሳሳ ቦታ ላይ ይሻላል። የአንዳንድ ሰው ቆዳ መድኃኒቱን ወደሚሠራው መልክ የሚለውጠው ኢንዛይም ስለሚያንሰው ዓመት ቢቀባም ለውጥ አያይም። የሠራለት ሰው ደግሞ ሲያቆም ያገኘውን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ያጣል። በየሦስት ወሩ በአንድ መስኮት ሥር፣ በአንድ ሰዓት፣ በደረቅና እኩል ርዝመት ባለው ፀጉር ፎቶ ይነሡ። መስታወት በየቀኑ ስለሚታይ ያታልላል።

የሚዋጠው ሚኖክሲዲል በአነስተኛ መጠን ለፀጉር በሐኪሞች ይታዘዛል። እግር ማበጥና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ስለሚችል ግፊትዎ ሳይለካ ከጓደኛ ተቀብለው እንዳይውጡት።

ፊናስተራይድን ፈራሁት

ጥያቄ፦ የቆዳ ሐኪም ፊናስተራይድ 1 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ። ኢንተርኔት ላይ «ወንድነትህን ያጠፋል» የሚል አንብቤ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት የለውም አንልም፤ ግን በልኩ ይሁን። መድኃኒቱ የመጣበት መንገድ ራሱ ያስረዳል። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ላስ ሳሊናስ በምትባል መንደር፣ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ወንዶች እንዳሉ በ1974 በጥናት ተገለጠ። እነዚህ ሰዎች ሲያድጉ ፕሮስቴታቸው ትንሽ ነው፣ ራሰ በራም አይሆኑም። ከዚያ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ተሠርቶ 5 ሚሊ ግራሙ በ1992 ለፕሮስቴት፣ 1 ሚሊ ግራሙ በ1997 ለፀጉር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በደም ውስጥ ያለውን ዲኤችቲ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ቴስቶስትሮንን ግን አይቀንስም።

ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ ከወሰዱት ወንዶች 48 በመቶው ፀጉር ጨመሩ፣ 42 በመቶው ባሉበት ቆዩ፣ 10 በመቶው ቀነሱ። ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው 75 በመቶው ቀንሰዋል። እኛ ከሁለቱ መድኃኒቶች መሳሳትን በማቆም ፊናስተራይድን እናስቀድማለን፣ ሁለቱ ተጣምረው ደግሞ ከተናጠል ይሻላሉ።

ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ሙከራ የወሲብ ፍላጎት ቀነሰብኝ ያሉት ከወሰዱት 1.8 በመቶ፣ ባዶ ኪኒን ከዋጡት 1.3 በመቶ ነበሩ። የብልት መቆም ችግር ያጋጠማቸው 1.3 በመቶና 0.7 በመቶ ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ ሲያቆሙ ይጠፋል። ካቆሙ በኋላም የቀጠለባቸው ሰዎች እንዳሉ ሪፖርት ስለተደረገ ግን ማስጠንቀቂያው በ2012 አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጨምሯል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ደግሞ በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አረጋግጧል። ከዚህ በፊት የድብርት ሕመም የነበረበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ድብርት፣ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ከጀመረዎ ያቁሙና ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጡት ላይ እብጠት ወይም ሕመም ከመጣም እንዲሁ።

ስለ ባለቤትዎ፦ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ፊናስተራይድ መንካት የለባትም። ጽንሱ ወንድ ከሆነ የብልቱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ሙሉው ኪኒን ሽፋን ስላለው በድንገት ብትነካው አያሰጋም፤ ቢሆንም አርቀው ያስቀምጡት። በዘር ፈሳሽ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ ያሉና የዘር ፍሬ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ወንዶች ግን ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በአንዳንዶች ላይ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ሲያቆሙ ይመለሳል።

የ1 ሚሊ ግራሙ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ብዙዎች 5 ሚሊ ግራሙን በኪኒን መቁረጫ አራት ቦታ ይከፍሉታል፣ 1.25 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከሐኪም ጋር ከተስማሙ ችግር የለውም። ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ግን አንመክርም፣ ብናኙ ጠረጴዛ ላይ ይቀራልና።

ሁለት ነገር እንዳይረሱ። ኪኒኑን እየወሰዱ፣ ካቆሙም በኋላ ለአንድ ወር ደም አይለግሱ፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላል። ዕድሜዎ ገፍቶ የፕሮስቴት ምርመራ (ፒኤስኤ) ሲያደርጉም መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ይናገሩ። ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ስለሚያሳንሰው ሐኪሙ እጥፍ አድርጎ ካላነበበው ካንሰር ሊያልፈው ይችላል። ብዙ ሰው ለፀጉር የሚወስደውን ኪኒን መድኃኒት ስለማይመስለው ሲጠየቅ አይናገርም።

ሽንኩርት፣ ጉሎ፣ ጥቁር አዝሙድ

ጥያቄ፦ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የጉሎ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ ቀላቅዬ እቀባለሁ። እናቴ ደግሞ ለጋ ቅቤ ይሻላል ትላለች። የትኛው ይሠራል? (ከደሴ)

መልስ፦ ለዘር መሳሳት አንዳቸውም። የሽንኩርት ዝናው የመጣው በ2002 ከታተመ አንድ አነስተኛ የባግዳድ ጥናት ነው። ጥናቱም የተደረገው ላሽ (ፀጉር ክብ ክብ ሆኖ የሚላጥበት በሽታ) በያዛቸው ሰዎች ላይ እንጂ በራሰ በራዎች ላይ አይደለም፤ ላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚመለስ በሽታ ነው። ቅቤና ጉሎ ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳሉ፣ ስብራትም ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ እናትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሥሩ ላይ ግን የሚያደርጉት ነገር የለም፣ ፎረፎር ያለበትንም ያባብሱበታል። ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፤ ጠባሳ ከተወ በዚያ ቦታ ፀጉር አይበቅልም።

ስለ ባዮቲን ቫይታሚንም ብዙ ተጠይቀናል። እጥረት ለሌለበት ሰው ፀጉር አይጨምርም። በተጨማሪም ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ) የሚያሳየውን የትሮፖኒን ምርመራና የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ለላቦራቶሪው ይንገሩ።

አንድ ቦታ ብቻ ክብ ሆኖ ተላጠ

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ቦታ ለስልሶ ባዶ ሆነ፣ ቀጥሎም ፂሜ ላይ። የሰፈር ሰው «የሌሊት ወፍ ሸንቶብህ ነው» ይለኛል። ማጅራቴ ላይ ደግሞ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። (ከጎንደር)

መልስ፦ የሌሊት ወፏን ተዋት። ይህ ላሽ ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከዘር ራሰ በራነት ጋርም አይገናኝም። ቦታው ጥቂት ከሆነ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ሊበቅል ስለሚችል አትደንግጥ። የቆዳ ሐኪም በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ትሪያምሲኖሎን የተባለ መድኃኒት ቆዳህ ውስጥ በትንሽ በትንሹ በመውጋት ሊያፈጥንልህ ይችላል። ራስህ ገዝተህ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ለወራት አትቀባ፣ ቆዳህን ያሳሳዋል።

ቦታው ለስላሳ ሳይሆን ቅርፊት ያለበት፣ ፀጉሩም ከቆዳው እኩል የተሰበረ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ነው፤ ክሬም ሥሩ ውስጥ ስለማይደርስ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። አይጥ የበላው ልብስ እየመሰለ እዚህም እዚያም የሳሳ ከሆነ ደግሞ የቂጥኝ ምርመራ ይደረግ፤ በመርፌ የሚድን በሽታ ነው።

የማጅራትህ እብጠቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ ጋር እኩል ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያቆስላል። ሲደጋገም ጠባሳው ይጠነክራል፣ ፀጉርም ይጠፋል። ማጅራትህን በምላጭ ወይም ያለ ማበጠሪያ በቶንዶስ ማስላጨት አቁም፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። መግል ከያዘ ሐኪም አንቲባዮቲክ ያዝልሃል። የቆዳ ሐኪም አጠገብህ ከሌለ ሪፈር ማስጻፍ ትችላለህ፤ አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ በቆዳ ሕክምና የቆዩ ሆስፒታሎች ናቸው።

በአጭሩ

ኮፍያ ወይም ጥምጣም ፀጉር ይጨርሳል? አይጨርስም፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚጎትት እስካልሆነ ድረስ።

በምላጭ ሲላጭ ይወፍራል? አይወፍርም። የተቆረጠው ጫፍ ደንደን ስላለ እንጂ ሥሩ አልተለወጠም።

ድሬድ ወይም ሹሩባ? አጥብቆ የሚጎትት ከሆነ የግንባርን ጠርዝ ያሳሳል። ቶሎ ከተፈታ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል።

ጂም ቤት የሚሸጠው የጡንቻ መርፌ? ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ ናቸው። የዘር ስሱነት ካለብዎ በዓመታት የሚሄደውን በወራት ያስኬዱታል።

ኢስታንቡል ሄጄ ላስተክል

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። የኢስታንቡል ክሊኒክ በዋትስአፕ ፎቶዬን አይቶ «በአንድ ቀን 4,000 ግራፍት፣ ሆቴልና ትራንስፖርት ጨምሮ» አለኝ። ከአሜሪካው ዋጋ በጣም ይረክሳል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ፀጉር መትከል ይሠራል። የማጅራት ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የማጅራት ጠባዩን ይዞ ስለሚቀጥል አይረግፍም። ኢስታንቡልም ብዙ ጎበዝ ሐኪሞች አሉባት። ጥርጣሬያችን ዕድሜዎና ያ ቁጥር ላይ ነው።

ከማጅራት በደህና ሊወሰድ የሚችለው ግራፍት (ከነሥሩ ወጥቶ የሚተከለው ፀጉር) የተወሰነ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ በዕድሜ ዘመኑ ከ6,000 ብዙ አያልፍም፣ ጥቅልል ፀጉር ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የሥሩ ጥግግት አነስ ይላል። በ24 ዓመት መሳሳቱ የት እንደሚቆም አይታወቅም። ዛሬ 4,000 አውጥተው ግንባርዎን እንደ 16 ዓመት ልጅ ዝቅ ካስደረጉ፣ በ35 ዓመትዎ አናትዎ ሲከፈት የሚሞላበት አይኖርም። ፊቱ ላይ የተተከለ ጭረት ከኋላው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይሏል ያኔ። ምክራችን፦ ፊናስተራይድና ሚኖክሲዲል ቢያንስ ዓመት ይውሰዱ፣ ፎቶ ያከማቹ፣ ከ25 በኋላ እንደገና ያስቡበት። የተተከለው ባይረግፍም ያልተተከለው መሳሳቱን ስለሚቀጥል፣ ከተከላ በኋላም መድኃኒቱ አይቀርም።

የእኛ ፀጉር የተለየ ጥያቄም ያስነሣል። ከቆዳ በታች ሥሩ ራሱ የታጠፈ ስለሆነ ግራፍቱን የሚያወጣው መሣሪያ ቀጥ ብሎ ከገባ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ አይበቅልም። ስለዚህ ክሊኒኩን እነዚህን ይጠይቁ። የጥቁር ሰው ጥቅልል ፀጉር ስንት ሠርታችኋል? የ12 ወር ፎቶ ከፊትም ከማጅራትም አሳዩኝ። ከመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ግራፍቶች ስንቱ እንደተቆረጠ ቆጥራችሁ ትነግሩኛላችሁ ወይ? ብዙ ከተቆረጠስ ታቆማላችሁ? ቆዳውን የሚከፍተው ሐኪሙ ነው ወይስ ቴክኒሻን? በዋትስአፕ ፎቶ ብቻ ይህን ያህል ግራፍት ብሎ የሚወስን ቦታ ማጅራትዎን በማጉያ አላየምና አይመኑት። ደግ ዜናም አለ፦ ጥቅልል ፀጉር ቆዳን በደንብ ስለሚሸፍን ቀጥ ያለ ፀጉር ካለው ሰው ባነሰ ግራፍት ይሞላል።

ጆሮዎን ሲበሱ፣ ሲከተቡ ወይም ሲቆስሉ ጠባሳዎ አብጦ ያደገ ከሆነ (ከሎይድ ማለት ነው) አስቀድመው ይናገሩ። ማጅራት ላይ ብቻ ጥቂት ቦታ ተሞክሮ ወራት ሳይቆይ ሙሉውን አያሠሩ። ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ካለም ይጥቀሱት።

ከተከላው በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ፣ የተተከለውን አይንኩ፣ አይከኩ። ቅርፊቱ በሰባት እስከ አሥር ቀን ይረግፋል። ጂምና ከባድ ሥራ ለሁለት ሳምንት ይቅር፣ በፀሐይ ሰፋ ያለ ኮፍያ ያድርጉ። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የተተከለው ፀጉር በሙሉ ይረግፋል፤ ገንዘቤ ውሃ በላው የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው፣ ሥሩ ግን ውስጥ አለ። በሦስተኛው አራተኛው ወር ማደግ ይጀምራል፣ ሙሉ መልኩን ለመያዝ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ትኩሳት፣ መግል ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁረት ካዩ የክሊኒኩን የዋትስአፕ መልስ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ያሉበት አካባቢ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።